መሃል ከተማው የት ነው?

አርባ ምንጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ፈረንጅ ሻንጣውን አስቀምጦ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ኮፍያውን ደፍቶ ከሆቴሉ ሲወጣ በር ላይ የቆመውን ባለባጃጅ የሚጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው። «መሃል ከተማው የት ነው?» ይላል።

ባለባጃጁም ጥያቄውን በጥያቄ ይመልሳል። «ሲቀላ ነው ሴቻ?»

ፈረንጁ ስልኩን ያያል። ስልኩ ላይ አርባ ምንጭ አንድ ነጥብ ናት፤ ነጥቧ ሲቀላም ሴቻም አትልም። ባለባጃጁ ሰውየው እንዳልገባው ስለገባው ሊያግዘው ይሞክርና አንዴ በጣቱ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ያሳየዋል። ይሄኔ እንግዳው ስለ ከተማ ሳይሆን ስለ ሰማይና ምድር የተጠየቀ ይመስለዋል።

የባለባጃጁ ጥያቄ ግን ምንም አልጎደለውም። አርባ ምንጭ አንድ ስም ይዛ ሁለት ቦታ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሴቻ ከላይ አፋፉ ላይ፣ ሲቀላ ከታች ሜዳው ላይ፤ በመካከላቸው አራት ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ። ሴቻ የቢሮና የፊርማ፣ ሲቀላ የገበያና የግርግር ሰፈር ናቸው። ማኅተም የሚያስመታ ሰው ሽቅብ ይወጣል፤ ብር የሚፈልግ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሁለቱንም የሚፈልግ ባጃጅ ላይ ይውላል። ነገሩ በከተማዋ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልልም መቀመጫውን ለአንድ ከተማ ከመስጠት ይልቅ አርባ ምንጭን ጨምሮ ለበርካታ ከተሞች አከፋፍሎታል። መሃሉን የሚጠይቅ እንግዳ እንዲህ ያለ አገር ላይ ነው የመጣው።

ቀጥሎ የሚመጣው የባጃጁ ጉዞ ነው። በመጀመሪያው ቀን ፈረንጁ ለተባለው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፤ ስለዚህ በኮንትራት ብቻውን ተቀምጦ፣ የብዙ ሰው ሒሳብ ከፍሎ ይሄዳል። በማግስቱ ማንም ያልነገረው ነገር ይገጥመዋል። ባጃጁ ተነሥቶ ገና ሳይፈጥን ይቆምና አንዲት እናት ማንጎ የሞላበት ማዳበሪያቸውን ይዘው ይገባሉ። ትንሽ ሄዶ ደግሞ አንድ ተማሪ ይጨመራል። «ጠጋ በሉ» ይባላል። እንግዳው ወደ ብረቱ ይጠጋል፤ ማንጎው ወደ ጉልበቱ ይጠጋል። እናትየውና ተማሪው ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ስለ መብራት መጥፋቱ እየተጨዋወቱ ሲሄዱ ያየ ፈረንጅ እናትና ልጅ ናቸው ብሎ ይደመድማል። ተማሪው «ወራጅ አለ» ብሎ ዘሎ ሲወርድና እናትየው ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት ሲቀሩ በዚህ አገር የቤተሰብ ፍቅር እንደላላ በማስታወሻው ይጽፋል።

ከሴቻ አፋፍ ላይ የሚታየው ግን ማንንም ያስቆማል። ድሮ የበቀለ ሞላ ሆቴል የተሠራበት፣ በኋላም ሌሎች ሎጆች የተደረደሩበት ይህ አፋፍ ከሥሩ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ከደኑ ማዶ ሁለት ሐይቆች ያሳያል። በመካከላቸው ሕዝቡ የእግዜር ድልድይ የሚለው የኮረብታ ሰንሰለት ተጋድሟል። ጫሞ ሰማያዊ ነው። አባያ ቀይ ዳማ ነው። «የተበከለው የትኛው ነው?» የሚል ፈረንጅ አይጠፋም። አባያ አልተበከለም፤ ወንዞች ከደጋው ጠርገው ያመጡለት ደለል ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚኖር ነው መልኩ እንዲያ የሆነው። ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ስለሆነ ደግሞ ቀለሙን ለመደበቅ አይመችም።

ስለ አባያ በጥድፊያ የደመደመው የዛሬው ቱሪስት ብቻ አይደለም። ቪቶሪዮ ቦቴጎ የተባለ ጣሊያናዊ መኮንን ከሶማሌ ጠረፍ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1896 እዚህ ሲደርስ ሐይቁን አየና ለንግሥቱ ክብር ማርጌሪታ ብሎ ሰየመው። በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ ስም ቸግሮት አልነበረም፤ የጠየቀውም የለም። ከሁሉ የሚገርመው ዓመቱ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የማርጌሪታ ባል የንጉሥ ኡምቤርቶ ጦር ዓድዋ ላይ ድል ሆኗል። ቦቴጎ ለተሸናፊው ንጉሥ ሚስት ሐይቅ ሲያበረክት የነበረው ከዚያ ጥቂት ወራት በኋላ ነው። ጫሞም በጣሊያኖቹ ካርታ ሩስፖሊ ተባለ፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲያስስ በዝሆን የተገደለ ልዑል ስም ነው። ሁለቱ ስሞች በአውሮፓ ካርታዎች ላይ ለብዙ ዓመት ቆዩ። አባያና ጫሞ ግን አባያና ጫሞ እንደተባሉ አሉ።

እንግዳ ሲባል ታዲያ ፈረንጅ ብቻ አይደለም። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተከፈተውና በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው የከተማዋ የትምህርት ተቋም በየዓመቱ ከአራቱም ማዕዘን ወጣቶችን ይቀበላል። ከመንዝ የሚመጣ ልጅ እናቱ «ብርድ እንዳይመታህ» ብለው ጋቢና ሹራብ ጠቅልለውለት ነው የሚመጣው። ከአውቶቡሱ ሲወርድ ሙቀቱ ይቀበለዋል። ሹራቡ በመጀመሪያው ቀን ሻንጣ ይገባል፤ ጋቢው በሁለተኛው። ያም ሆኖ ጋቢው ከልጁ የተሻለ አገሩን የሚያውቅ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ተሸምኖ ከሆነ የሸመነው ከዚሁ ከአርባ ምንጭ በላይ ካለው ደጋ የሄደ የጨንቻ ወይም የዶርዜ ሰው መሆኑ አይቀርምና።

ይህ ፍሬሽ ተማሪ ገና ግቢ ሲገባ ግራ የሚያጋባው ሌላ ነገር ይገጥመዋል። የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ስም የወሰዱት ከሐይቅ፣ ከወንዝና ከፓርክ ነው፤ አባያ፣ ጫሞ፣ ኩልፎ፣ ነጭ ሳር እየተባሉ። ስለዚህ አንዷ ተማሪ ለአባቷ ስልክ ደውላ «ጫሞ ደርሶኛል፤ ጓደኛዬ ግን አባያ ነው የምትማረው» ስትል አባት ልጃቸውን ዋና አለማስተማራቸው ትዝ ይላቸዋል። በዚህ ላይ በሬዲዮ «አዞዎቹ በሜዳቸው ሦስት ነጥብ ያዙ» ሲባል ከሰሙ ጸሎት ይጀምራሉ። አዞዎቹ የአርባ ምንጭ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ተጫዋቾች ናቸው።

እውነተኞቹ አዞዎች ያሉት ጫሞ ላይ ነው። የኩልፎ ወንዝ ሐይቁን የሚቀላቀልበት አካባቢ ግዙፍ የናይል አዞዎች ዳር ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ቦታው የአዞ ገበያ ይባላል። ገበያ ሲባል የሰማ እንግዳ ጀልባ ላይ ሆኖ ዋጋ ይጠይቃል። የሚሸጥ የለም፤ የሚገዛም የለም። የተሰበሰቡት አዞዎች ናቸው፤ እነሱም አፋቸውን ከፍተው ተጋድመዋል። ፈረንጁ አፍ መክፈታቸውን የረሃብ ምልክት ያደርገውና ወደ ጀልባዋ መሃል ይሸሻል። አዞ አፉን የሚከፍተው ሙቀት ለማስወጣት ነው፤ በአርባ ምንጭ ፀሐይ እንዲያ ቢያደርግ ማን ይፈርድበታል። ከዚህ ሁሉ የሚገርመው ግን ትንሽ ራቅ ብሎ በቀላል እንጨት የታሰረች ታንኳ ላይ ቁጭ ብሎ መረቡን የሚስብ ዓሣ አስጋሪ መኖሩ ነው። ካሜራው ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል። አስጋሪው ደግሞ አዞ ለማየት ብሎ ያን ያህል ገንዘብ ከፍሎ የመጣውን ሰው በመገረም ያየዋል።

ስለ መጀመሪያ ዕይታ ከተነሣ ግን የነጭ ሳሯን ወፍ ታሪክ የሚያህል የለም። በ1966 ዓ.ም. በተቋቋመውና 514 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሸፍነው ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1990 ከካምብሪጅ የመጡ አጥኚዎች ዱር እንስሳቱንና ዕፅዋቱን ሲመዘግቡ ሰነበቱ። አንድ ቀን መንገድ ላይ መኪና የጨፈለቃት ወፍ አገኙ። ሌሊት ሌሊት ነፍሳት የምታድን፣ ቀን መሬት ላይ ተኝታ ከደረቅ ቅጠል የማትለይ ዓይነት ወፍ ነበረች። አካሏ ስለተበላሸ ሊወሰድ የሚችለው አንድ ክንፏ ብቻ ነበር። ክንፉን ይዘው አገራቸው ገቡ፤ በሙዚየም ካሉት ዘመዶቿ ሁሉ ክንፍ ጋር አስተያዩት፤ ከአንዱም አልገጠመም። እ.ኤ.አ. በ1995 ያቺ ክንፍ አዲስ የወፍ ዝርያ ተብላ በሳይንስ መዝገብ ገባች። ሙሉ ወፍ በእጁ የያዘ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2009 የመጡ ሌሎች ወፍ ፈላጊዎች በሌሊት በባትሪ ብርሃን አየናት ብለው መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሰዋል፤ መያዝ ግን አልያዟትም።

ሳይንቲስቶቹ ጠንቃቆች ስለነበሩ ክንፉን ክንፍ ነው ብለው ነው የመዘገቡት። ብዙው እንግዳ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ክንፍ ያነሣና አገሩ ሲገባ ጭንቅላትና እግር ቀጥሎበት ያወራል።

ወደ ዶርዜ የሚያወጣው መንገድ ለዚህ ምስክር ነው። ከአርባ ምንጭ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው፤ ከ1,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ወደ 2,500 ሜትር ያወጣል። ሹራብ ከሻንጣ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። የቱሪስት መኪና ከርቀት ሲታይ መንገድ ዳር ያሉ ልጆች ይጨፍራሉ፤ ይገለበጣሉ፤ በእጃቸው ይቆማሉ፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው በሠሩት የእንጨት ጋሪ ቁልቁል ይምዘገዘጋሉ። ፈረንጁ ዶርዜዎች እንግዳ የሚቀበሉበት ጥንታዊ ጭፈራ ነው ብሎ በቪዲዮ ይቀርጻል። መኪናው ታጥፎ ከተሰወረ በኋላ ልብሳቸውን አራግፈው ወደ ፍየሎቻቸው ሲመለሱ ግን የሚቀርጻቸው የለም። የእህል ጫኝ አይሱዙ ሲያልፍ አንድም ልጅ አይገለበጥም።

መንደር ሲደርስ ደግሞ ቤቱ ያስደንቀዋል። በቀርከሃ ተጎንጉኖ የሚሠራው የዶርዜ ቤት አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ይረዝማል፤ በሩ ላይ ያለው ጉብታ የዝሆን ፊት ያስመስለዋል። ምስጥ ከታች ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፤ ስለዚህ ቤቱ ባረጀ ቁጥር ያጥራል። ቦታ መቀየር ካስፈለገ ጎረቤት ተጠርቶ ቤቱ እንዳለ በትከሻ ይወሰዳል። ለቤት ብድር ሠላሳ ዓመት የሚከፍል አውሮፓዊ ይህን ሲሰማ አስጎብኚውን ደጋግሞ ያስደግመዋል። ከዚያ ቆጮ በዳጣ ይቀርባል፤ አረቄ ይቀዳል፤ «ዮ! ዮ! ዮ!» ይባላል። ወንዶቹ ሲሸምኑ፣ ሴቶቹ ጥጥ ሲፈትሉ ያይና አንድ ሻርፕ ገዝቶ፣ ዶርዜን አወቅኩ ብሎ ከምሳ በፊት ይወርዳል።

ከምሳ በፊት ያልወረደ ሰውም ነበር። ዳን ስፐርበር የተባለው ፈረንሳዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ በዶርዜ ኖሮ አጥንቷል። ከሰማቸው ነገሮች አንዱ ነብር ክርስቲያን እንደሆነና ጾም እንደሚያከብር ነው። ስፐርበር ይህን ሰምቶ «እነዚህ ሰዎች አውሬ ይጾማል ብለው ያምናሉ» ብሎ ሊሄድ ይችል ነበር። እሱ ግን ሌላም ነገር አስተዋለ፤ ያው ነብር ይጾማል የሚለው ዶርዜ በረቡዕና በዓርብም ከብቱን እንደ ሌላው ቀን ነቅቶ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1974 በፈረንሳይኛ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ይህ ነብር ትልቅ የክርክር ጭብጥ ሆኖ ገብቷል። ነብሩ ይጹም አይጹም ለፍየሉ ባለቤት እንቅልፍ የሚነሣ ጥያቄ አልነበረም፤ ለፓሪስ ምሁራን ግን ሆነ።

ሌላም አለ። በነሐሴ 1969፣ አሁንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ አንድ ሽማግሌ እየተጣደፉ ስፐርበር ዘንድ ይመጡና ሁለት ቀን በማያሳልፍ መንገድ ላይ ዘንዶ መኖሩን ይነግሩታል። ልቡ ወርቅ ነው፤ ማጅራቱ ላይ አንድ ቀንድ አለው። ትገድለው እንደሆነ ብዬ ነው፣ ይሉታል። ተመራማሪው ግራ ገባው። ሰውየው የተከበሩ፣ አስተዋይ፣ ወዳጁ የሆኑ ሰው ናቸው፤ ታዲያ እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ያምናሉ? ጥያቄው አልለቀቀውም። በ1982 ባወጣው ታዋቂ ጽሑፍ ከዚያ ማስታወሻ ተነሥቶ የሰው ልጅ ለአእምሮ የማይመስል ነገር እንዴት እንደሚያምን መረመረ። አሥራ ሦስት ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። የሽማግሌውን ወገን ግን እስካሁን የጻፈ የለም። ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ እርሻ ሳያርስ፣ ሳይሸምን፣ ሳይነግድ፣ ስለ ነብር ጾም እየጠየቀ የሚውል ጤነኛ ጎልማሳ ካለ፣ ማጅራቱ ላይ ቀንድ ያለው ዘንዶ የማይኖርበት ምን ምክንያት አለ?

የዚህ ደጋ ነዋሪ የሆነው የጋሞ ሰው ራሱ እንግዳ የሆነበት ከተማም አለ። ከጋሞ ደጋ የተነሡ ሸማኔዎች ለትውልዶች ወደ አዲስ አበባ ተሰደዋል፤ እንጦጦ ሥር ሽሮ ሜዳንና የጉለሌን መንደሮች በሽመና ድምፅ ሞልተዋል። በልጅነቱ ዘመድ ተከትሎ የሚመጣ የዲታ ወይም የቦንኬ ልጅ ከተማውን የሚያየው በሽመናው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከቶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየሰደደ ነው። መሃል ከተማው የት ነው ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ከአርባ ምንጭ አይሻልም፤ አንዱ ፒያሳ፣ ሌላው መርካቶ፣ ሌላው ቦሌ ይለዋል። ስሙን ደግሞ ከተማው ራሱ ያወጣለታል። ከዶኮ ይምጣ ከጨንቻ፣ ከቦንኬ ይምጣ ከዲታ፣ ሸማኔ እስከሆነ ድረስ አዲስ አበቤው ለረጅም ዘመን በጅምላ «ዶርዜ» ሲለው ኖሯል። ዶርዜ ከጋሞ ብዙ አካባቢዎች አንዱ መሆኑን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር። ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ ጠያቂ አልተገኘም። ልጁም በበኩሉ አገር ቤት ሲመለስ «አዲስ አበባ ሰው አይተኛም» ብሎ ያወራል፤ የማይተኙት እሱና አብረውት ለበዓል ገበያ ጥበብ ያደረሱት ጓደኞቹ ብቻ ናቸው።

የአዲስ አበባ ሰው ራሱ አርባ ምንጭ ሲወርድ ከፈረንጁ እምብዛም አይሻልም። ዕድሜ ልኩን ቢጫ ሆኖ የሚያውቀውን ሙዝ በከተማዋ አካባቢ ባለችው በላንቴ አረንጓዴ ሆኖ፣ እንደ ማገዶ ተቆልሎ መኪና ላይ ሲጫን ያይና «ለከብት ነው?» ይላል። «ለእናንተ ነው» ይባላል።

ማታ ሁሉም እንግዳ ዓሣ ቤት ይገናኛል። ሲቀላ ውስጥ አንዱ ዓሣ ቤት፣ ፕላስቲክ ወንበር፣ ከፍ ብሎ የተከፈተ ቴሌቪዥን፣ የሚንጫጫ ዘይት። አስተናጋጇ ትመጣና በአንድ ትንፋሽ ትዘረዝራለች፤ «ዓሣ ዱለት፣ ዓሣ ለብለብ፣ ዓሣ ጎረድ ጎረድ፣ ዓሣ ኮትሌት፣ ሙሉ ጥብስ።» ፈረንጁ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሙሉ ጥብስ ያያል። በቢላ እየተተለተለ ተጠብሷል፤ ጭንቅላቱ አለ፤ ጅራቱ አለ፤ ዓይኑም እሱኑ ያያል። ከሱ አጠገብ የዳጣ ሳህን አለ፤ የበላው ሰው ግንባር ላቡን ያንጠባጥባል። እንግዳው ጥቂት ያስብና ፓስታ ያዛል።

አስተናጋጇ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ሄዳ «ፈረንጅ ዓሣ አይበላም» ትላለች።

«የትናንትናው ሁለት በልቶ ሄደ አይደል እንዴ?» ይላል ምግብ አብሳዩ ዘይቱን እያማሰለ።

«እሱማ ጣሊያን ነው!» ትልና ትዕዛዙን ታሰማለች፤ «አንድ ፓስታ በአትክልት፣ ዳጣ እንዳይነካው!»